መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ከዚያ እርሳሱ

የጡረታ ደብዳቤዬን የሰጠኝ ጸሐፊ ትሑት ወጣት ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «ላንብብልዎት?» አለኝ። ከቦርሳዬ ሌላ ወረቀት አውጥቼ መጀመሪያ እሱን እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት። ወረቀቱ ላይ አንድ አንቀጽ አለ፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሲያነብ አንድ ቁጥር ዘለለ። የዘለለውን ሳልጠቁመው ከመጀመሪያው እንዲደግመው ነገርኩት። በሁለተኛው አልዘለለም። ያኔ ደብዳቤውን እንዲያነብልኝ ፈቀድኩ። ሳቅ ብሎ «አዴ ወርቅነሽ፣ ጡረታ የሚወጡት እርስዎ፣ ፈተና ላይ የተቀመጥኩት እኔ» አለኝ። አዴ በእኛ አገር ትልቅ ሴት የምትጠራበት ነው።

ለምን እንደፈተንኩት አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ባጃጁ እየጠበቀኝ ስለነበር አልመልስለትም ነበር። አሁን ጊዜ አለኝ። ይህን በብሬል ጽፌ ለታይፕ ጸሐፊ አነበብኩላት፤ እሷም የጻፈችውን መልሳ አነበበችልኝ። እሷንም ፈትኛታለሁ።

የተወለድኩት ከቤጊ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ወላጆቼ ማኦ ናቸው። ማኦ በዚያ አካባቢ ከጥንት የኖረ፣ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ሕዝብ ነው፤ በልጅነቴ ግን ገበያ ላይ ስሙ እንደ ስድብ ይጠራ ነበር። እቤት የእናቴን ቋንቋ፣ ገበያ ላይ አፋን ኦሮሞ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እናገር ነበር። አንደኛ ክፍል የመዘገበኝ መምህር ስሜን መጻፍ ቸግሮት ወርቅነሽ ብሎ ጻፈኝ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም እዚህ አልጽፈውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ከቤጊ» እል ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጨምርም። ይህን የማነሣው መደበቅን አስቀድሜ ለምጄው እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከመንዲ በእግር ግማሽ ቀን በሚወስድ ቦታ ነበር። ቀጥሎ ነጆ፣ ቀጥሎ ጊምቢ አስተማርኩ። የነጆው ርእሰ መምህር ጠመኔ በቁጥር ይሰጠን ነበር፤ ቀሪውን ቁራጭ ካልመለስን አዲስ አይሰጠንም። ያ ሰው በትንንሽ ቁራጭ ሳላስጮኽ፣ ሳላባክን መጻፍ አስተማረኝ። ጊምቢ ላይ ወረፋ ጠብቄ ወደ ነቀምቴ ተዛወርኩ። ቤት የተከራየሁት ጨለለቂ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቡርቃ ጃቶ ስለነበር በየቀኑ ከተማውን አቋርጥ ነበር።

ዓይኔ መታመም የጀመረው ነቀምቴ በገባሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ጎን ለጎን የሚያልፍ ሰው ይጠፋኝ ጀመር። ሰዎች «ዘግተሽን አለፍሽ» እያሉ ይቀየሙ ነበር። ከዚያ የማየው ነገር ሁሉ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደማየት ሆነ፤ ቃሉን አየዋለሁ፣ መስመሩን ግን አላየውም። ሐኪሙ ግላኮማ እንደሆነ፣ የሄደው እንደማይመለስ፣ ጠብታው የቀረውን እንደሚያቆይልኝ ነገረኝ። ለማንም አልተናገርኩም። የመማሪያ መጻሕፍቱን በቃሌ ያዝኩ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ በግራ እጄ ጣቶች ከሰሌዳው ጠርዝ ጀምሬ እየለካሁ መስመሬን እጠብቅ ነበር። የልጆቹን መቀመጫ በድምፃቸው አወቅሁ። የክፍል ደብተር ማረም ሲያቅተኝ ልጆቹ እርስ በርስ እንዲተራረሙ አደረግሁ፤ ርእሰ መምህሩ ዘዴዬን በስብሰባ ላይ አመሰገኑልኝ።

በዚያው ትምህርት ቤት የዓይነ ስውራን ልጆች ክፍል ነበረ። የክፍሉ መምህር ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ ኦቦ እንደ አቶ ነው። በልጅነታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን ወስዶባቸው በሚሲዮን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ያኔ ሃምሳን ያለፉ ሰው ነበሩ። ትምህርቱ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲዞር የብሬል ፊደላቸውንም ወደ ቁቤ፣ ወደ ላቲኑ ፊደል፣ ማዞር ነበረባቸው። «በስተርጅና አንደኛ ክፍል ተመለስኩ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ ግን በአንድ ክረምት ጨርሰው ለልጆቹ ማንበቢያ በእጃቸው አዘጋጁ።

ብሬል ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ስሌት የሚባል በማጠፊያ የተያያዘ ሁለት ሳንቃ አለ። ወረቀቱ በመካከላቸው ይገባል፤ ስታይለስ በሚባል እጀታ ባለው ወስፌ ነጥብ በነጥብ ይወጋል። የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ተራ ወረቀት ነጥቡን አይዝም። ስለዚህ ኦቦ ጉደታ በየዓመቱ መስከረም ሲገባ በሱቆች እየዞሩ ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ይሰበስቡ ነበር፤ ወፍራም ነውና። ባለሱቆቹ ያስቀምጡላቸዋል። የነቀምቴ ዓይነ ስውራን ልጆች የዚያን ዘመን ደብተር በአንድ በኩል ነጥብ፣ በሌላ በኩል የቢራና የባንክ ማስታወቂያ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከማንበባቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው በደንብ ያደርቃሉ፤ ዘይት የነካው ጣት ነጥብ ይጨፈልቃል ይላሉ። ሰው እጃቸውን ይዞ እንዲጎትታቸው አይፈቅዱም፤ እሳቸው ናቸው የሰውየውን ክርን የሚይዙ። አዲስ ልጅ ሲመጣ ስሙን አይጠይቁትም። «ስምህን በኋላ ትነግረኛለህ፤ መጀመሪያ የመጣህበትን መንገድ ንገረኝ» ይሉታል። ልጁ ዝም ካለ ይጠብቁታል። እግርህ ምን ረገጠ፣ ወፍጮው በየት በኩል ተሰማህ፣ ነፋሱ የት ላይ ዞረ እያሉ መንገዱን ከልጁ ያወጡታል። ፈተና ላይም እንደዚሁ ነበር። ልጆቹ ከፈተና እንደወጡ ይሰበስቧቸውና ፈተናውን ከጥያቄ አንድ እስከ መጨረሻው፣ የሰጡትንም መልስ ጨምረው በቃላቸው ያስነግሯቸዋል። የሚያይ ልጅ ይህን አይችልም፤ ጥያቄውን ወረቀቱ ላይ ትቶት ይወጣል። እነዚያ ልጆች ግን ጥያቄውን ይዘውት ነበር የሚወጡት።

ከተማሪዎቻቸው አንዷ ለሊሴ ነበረች። ከአርጆ በኩል ከገጠር የመጣች፣ ያኔ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ናት። የሷ ክፍል ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። ቶሎ አትናገርም፤ ስትናገር ግን አትደግምም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ አንባቢ ያስፈልጋት ነበር። አንባቢው ጥያቄውን ያነባል፣ ተማሪዋ መልሷን ትናገራለች፣ አንባቢው በመልስ ወረቀቱ ላይ ትክክለኛዋን ክብ በእርሳስ ያጠቁራል። ርእሰ መምህሩ ድምፄ ጥርት ያለ ስለሆነ እኔን መደቡኝ። አልችልም ለማለት ምክንያት ማቅረብ ነበረብኝ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ መናገር አልፈለግሁም። እሺ አልኩ።

በተለየ ክፍል ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ተቆጣጣሪው በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ፊደላቸው ጎላ ያለ ስለነበር ተወጣሁት። የኅብረተሰብ ትምህርት ወረቀት ፊደል ግን ደቂቅ ነበር፤ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ማንበብ ነበረብኝ። ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ለሊሴ «እሱን እንለፈውና በኋላ እንመለስበት» አለችኝ። አለፍነው። ሃያ አራተኛውን አነበብኩላት፣ መልሱን ነገረችኝ፣ አጠቆርኩ። እንዲያ እያልን ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስድሳ ደረስን። ከዚያ «አሁን ሃያ ሦስትን ያንብቡልኝ» አለች። አነበብኩላት። ጥቂት አሰበችና «ሲ» አለችኝ።

እርሳሴን ይዤ ሃያ ሦስተኛውን መስመር ፈለግሁ። ጠቁሯል። ወረቀቱን ይበልጥ አስጠጋሁት። የሃያ አራትን መልስ በሃያ ሦስት መስመር ላይ፣ የሃያ አምስትን በሃያ አራት መስመር ላይ እያልኩ እስከ ታች ድረስ አንድ መስመር አንሸራትቼዋለሁ። ከሥር የስድሳ መስመር ባዶ ነበር።

ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱ እንዳለቀ ተናገረ። ሠላሳ ሰባት መስመር ማጥፋትና እንደገና ማጥቆር ነበረብኝ። ለዚያ ጊዜ እንዲሰጠኝ ከጠየቅኩ ለምን እንደተሳሳትኩ መናገር አለብኝ። ሲን በስድሳኛው መስመር ላይ አጠቆርኩ።

ለሊሴ «ሁሉም በቦታው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት።

በሥራ ዘመኔ የፈጸምኩት ከባድ ጥፋት ይህ ነው። መስመሩን ማንሸራተቴ ሕመም ነው። «አዎ» ማለቴ ግን ሕመም አይደለም።

ውጤት የመጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። ለሊሴ በጥቂት ነጥብ ወደቀች፤ የጣላት ያ አንድ ፈተና ነበር። አባቷ መጥተው ወሰዷት። ኦቦ ጉደታ በማግስቱ መምህራን ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ገቡ። የጠረጴዛዎቹን ጫፍ በእጃቸው እየቆጠሩ መጡና ከፊቴ ተቀመጡ። ልጅቷ ከፈተናው እንደወጣች ስድሳውንም እንደነገረቻቸው፣ እሳቸውም ከመጽሐፉ ጋር አንድ በአንድ እንዳስተያዩት፣ ያጠፋችው ከአምስት እንደማይበልጥ ነገሩኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እንግዲህ መንገዱን ንገሪኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከሃያ ሦስት ጀምሬ እስከ «አዎ» ድረስ ነገርኳቸው።

«ዓይንሽን አውቄ ነበር» አሉኝ። «ሰሌዳ ላይ ከመጻፍሽ በፊት ጠርዙን በጣትሽ ስትለኪ ይሰማኛል። የሚያይ ሰው ሰሌዳ አይዳብስም። ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ጠበቅኩ። መጠበቄ የእኔ ጥፋት ነው፤ የቀረው የአንቺ ነው።»

በማግስቱ አብረን ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ክርኔን ይዘው ነበር፤ ማን ማንን እንደሚመራ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ኃላፊው ጉዳያችንን ጠየቁ። ስሕተቱ የልጅቷ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ፣ ዓይኔ መስመር እንደማያይ፣ ይህንንም ደብቄ እንደኖርኩ ተናገርኩ። ያን ቃል በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስታስተምሪ ነበር?» አሉኝ።

ኦቦ ጉደታ ቀደሙኝ። «የተከበሩ ኃላፊ፣ እኔም አላይም፤ ምን ሳስተምር እንደነበር በየዓመቱ ሪፖርት ልኬያለሁ» አሉ።

ኃላፊው ሳቁ፤ ግን የተለወጠ ነገር የለም። የመልስ ወረቀቱ ከዚያ ቢሮ ወጥቶ ሄዷል፣ የታረመ አይመለስም ተባልን። ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት በድጋሚ መፈተን ትችላለች። እኔ ከማስተማር ተነሥቼ ወደ መጻሕፍት ማከማቻ ተዛወርኩ። ከተማው ውስጥ ወሬው ቶሎ ተዳረሰ፤ አንድ ባልደረባዬ ዕውር ለዕውር አንብቦ እያለ ቡና ቤት ውስጥ እንደሚስቅ ሰማሁ። የሚከፋ አልነበረም። እውነት ነበር።

ወደ አርጆ የሄድነው በዚያው ክረምት ነው። ሚኒባሱ ከጣለን በኋላ ጭቃውን በእግር ተያያዝነው። ከለሊሴ አባት ግቢ ስንደርስ ኦቦ ጉደታ ከመግባታቸው በፊት ቆሙና ዱላቸውን በወገብ ልክ ወደ ግራ ዘረጉ። ገመድ ነካ። እዚያ አካባቢ የማያይ ሰው ያለበት ቤት ከበሩ ጀምሮ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ገመድ ይዘረጋል፤ ሰውየው እሱን ይዞ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እሳቸው ከበሩ በፊት ገመዱን ይፈልጋሉ። በገመድ ውስጥ የቤተሰቡን ሐሳብ አነባለሁ ይሉ ነበር።

«አዲስ ነው» አሉኝ በዝግታ።

አባቷ በክብር ተቀበሉን። ዝናብ የበላውን የቀድሞውን ገመድ አንሥተው አዲስ እንደፈተሉላት፣ አሁን እስከ ምንጩም እንደሚዘረጉት በደስታ ነገሩን። ትምህርቱን እንደሞከረችው፣ እንዳልሆነላት፣ ከእንግዲህ በቤቷ እንደማትቸገር ተናገሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያን ገመድ ሲፈትሉ ስንት ቀን እንደፈጀባቸው እጃቸውን ስጨብጥ አውቄዋለሁ።

ለሊሴ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ፈተናውን እንዳልወደቀች፣ የጣልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ እንዴት እንደጣልኳትም ነገርኳት።

«ይህን ለመናገር ነው በዚህ ጭቃ የመጡት?» አሉኝ አባቷ። «ደብዳቤ ቢልኩ ይበቃ ነበር።»

«ማን ያነብላት ነበር?» አልኳቸው።

የመለሰችው ለሊሴ ናት።

«አውቄ ነበር ባርሲስቱ» አለችኝ። ባርሲስቱ መምህርት ማለት ነው። «ወረቀቱን ወደ ፊትዎ ሲያስጠጉት ትንፋሽዎ ወረቀቱ ላይ ይሰማኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ሲ ስልዎት ደግሞ እርሳሱ የወረደው ከወረቀቱ ግርጌ ነው። ሃያ ሦስት ግርጌ አይደለም።»

ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅኳት።

«ሌላ አንባቢ አለ ቢሉኝ ኖሮ እናገር ነበር። የተሰጠኝ አንድ ነው። የተሰጠ ነገር አይመረጥም።»

ከዚያ ወደ ኦቦ ጉደታ ዞራ እንደምትመለስ፣ ግን አንድ ነገር እንደምትጠይቅ ተናገረች። «በሚቀጥለው አንባቢዬን እኔ ልፈትነው። ካላለፈ ይቀየርልኝ።»

አባቷ ገመዱ ላይ እጃቸውን ጭነው ቆመው ነበር። ቆይተው «መቼ ነው ትምህርት የሚከፈተው?» ብለው ጠየቁ።

የኔ ሥራ በሙሉ ከዚያች ቃል የወጣ ነው። በኋላ በየስብሰባው ሰዎች ሐሳቡን ለእኔ ሲሰጡት አርሜያለሁ፤ እዚህም አርማለሁ። የለሊሴ ነው።

በዚያ ዓመት መጻሕፍት ማከማቻው ውስጥ ከኦቦ ጉደታ ብሬል ተማርኩ። አርባ ዓመት ያለፈው ጣት ቶሎ አይማርም። ነጥቦቹ ለሳምንታት እንደተበተነ ጤፍ ነበሩ። እሳቸው ለምን አልገባሽም አይሉም፤ አንድ ገጽ ሰጥተውኝ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ጣቴን ይነኩታል። ጣቴ ከቀዘቀዘ ብዙ አላነበብሽም ይሉኛል። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን አንድ ቃል ሳልቆጥረው በራሱ መጣ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ተከተሉ።

የመጀመሪያው የአንባቢ ፈተናም የተደረገው እዚያው ማከማቻ ውስጥ ነው። መንገዱን ሦስታችን አበጀነው። አንድ ገጽ በብሬል ለሊሴ ፊት ይቀመጣል፤ ያው ገጽ በቀለም ተጽፎ አንባቢው ፊት ይቀመጣል። እሱ ሲያነብ እሷ በጣቷ ትከተለዋለች። የዘለለውን፣ የቸኮለበትን ቦታ ጣቷ ያውቃል። ቀጥሎ ለሙከራ የተዘጋጀ የመልስ ወረቀት ይሞላሉ። እዚህ ላይ ለሊሴ አንድ ሕግ ጨመረች። አንባቢው እርሳሱን ከማሳረፉ በፊት የመስመሩን ቁጥርና መልሱን ጮክ ብሎ ይናገራል። መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ከዚያ እርሳሱ።

ሦስት መምህራን ቀረቡ። የመጀመሪያው ምክትል ርእሰ መምህሩ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ቁጥር ሳይናገሩ አጠቆሩ። ለሊሴ አመስግናቸው ሌላ እንደምትፈልግ ተናገረች። ወጥተው ለአንድ ወር ያህል አላናገሩኝም። ሁለተኛውም አላለፉም፤ ሦስተኛው፣ ዝምተኛ የሳይንስ መምህር፣ አለፉ። ለሊሴም አለፈች።

ከዚያ በኋላ በክፍሉ ከኦቦ ጉደታ ጋር እንድሠራ ተፈቀደልኝ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ያዝኩ። የአንባቢ ፈተናውን ይዤ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ሻምቡ ሄድኩ። የሰው ክርን ይዤ፣ በኋላም ነጭ በትሬን ይዤ። በየስብሰባው የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ከምሳ በኋላ መጨረሻ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ሰው እንቅልፍ ሲጥለው። መጀመሪያ ካልሆነ አልናገርም ማለት ተማርኩ። አንድ ሹም ለአንድ ቀን በዓል ብዙ በትር አድለው ፎቶግራፍ ተነሡ፤ አጠቃቀሙን የሚያስተምር ግን አልነበረም። በትሮቹን ሰብስቤ ልጆቹን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከገበያው እስከ መናኸሪያው አስኬድኩ። ባለባጃጆቹ መጀመሪያ ጥሩምባ ይነፉብን ነበር። ኋላ ላይ ግን «ባርሲስቱ፣ ዛሬ ቦይ ቆፍረዋል፣ በቀኝ ይሂዱ» ማለት ጀመሩ። መስማት የተሳናቸው ልጆች ፈተና ላይ የደወሉን ድምፅ እንደማይሰሙ፣ ሰዓት ማለቁን የሚያውቁት ወረቀቱ ከእጃቸው ሲነጠቅ እንደሆነ የነገረችኝ አንዲት እናት ናት። ያንንም በየቦታው ከማስተምረው ጋር ጨመርኩት።

ቤጊ የደረስኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሥልጠናው ላይ አንድ መምህር ተነሥቶ ዓይነ ስውራኑስ ይማሩ፣ የማኦ ልጆች ግን እያዩም አይማሩም አለ። አዳራሹ ትንሽ ሳቀ። ያን ጊዜ የሰው ፊት አይታየኝም ነበር፤ ስለዚህ ለመናገር አልከበደኝም። «እኔ ማኦ ነኝ፤ የተወለድኩት ከዚህ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወደ ትምህርቱ ተመለስኩ። በእረፍት ሰዓት አንድ ሽማግሌ መጥተው በእናቴ ቋንቋ ሰላም አሉኝ። መልሱ ከአፌ እስኪወጣ ጥቂት ቆየ፤ ግን ወጣ።

ኦቦ ጉደታ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆነ። ስታይለሳቸውን ትተውልኛል። እጀታው ላይ አውራ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ጎድጉዷል። የእኔ ጣት አይገጥምበትም፤ ቢሆንም የምጽፈው በእሱ ነው።

ለሊሴ መምህርት ሆነች። ዛሬ ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ስልክ ደውላ የዘንድሮው የአንባቢ ፈተና ሐሙስ እንደሆነ፣ ከመጣሁ ወንበር እንደምታዘጋጅልኝ ነገረችኝ። ሄድኩ። ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንዳልናገርም ለራሴ ነገርኩት።

ተማሪዋ የመጣችው ከቤጊ ነው። አፋን ኦሮሞዋ ውስጥ የእናቴ ቋንቋ ዜማ ነበር። ለሊሴ ከየት እንደመጣች ስትጠይቃት ልጅቷ መንደሯን ተናገረችና «ማኦ ነኝ» ብላ ጨመረች፤ ሰው ቁመቱን እንደሚናገር አድርጋ። ማንም አልሳቀም።

አንባቢው ገባ። ጥሩ ድምፅ ያለው፣ በከተማው የታወቀ መምህር ነው። አነበበ። የልጅቷ ጣት በወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኝ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። የመልስ ወረቀቱንም ሞሉ። ሲጨርሱ ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲያ ዓይነቱን ጸጥታ አውቀዋለሁ። ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ተቀምጦ መናገር ወይም አለመናገር የሚመርጥበት ነው። በትሬን አጥብቄ ያዝኩ።

«ይቅርታ መምህር» አለች ልጅቷ። «ሌላ አንባቢ ይምጣልኝ።»

ሰውየው በደንብ እንዳነበበ ተናገረ። ለሊሴ አልተከራከረችውም። ወደ ልጅቷ ዞራ «መንገዱን ንገሪኝ» አለቻት።

«አራተኛው ጥያቄ የማይሆነው የትኛው ነው ይላል» አለች ልጅቷ። «እሳቸው የሚሆነው የትኛው ነው ብለው አነበቡ።»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ሰውየው ለራሱ በዝግታ አነበበው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና «እውነቷን ነው» አለ። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ለሊሴ ወደ እኔ መጥታ ክርኔን ነካችኝ። በሩ እንደገና ተከፈተ፤ ሁለተኛዋ አንባቢ ገብታ ተቀመጠች። ልጅቷ እጆቿን በቀሚሷ ጠርጋ ጣቶቿን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ንባቡ አለቀ። አንባቢዋ «መስመር አንድ፣ ቢ» አለች። ከዚያ በኋላ የእርሳሱ ድምፅ መጣ።